ሦስቱ አማኑኤሎች

«ይኸ ልጅ አማኑኤል ካልሄደ አይድንም» አሏት መምህሩ።

እናቱ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «እኛስ የት ነው ያለነው ጋሼ? አማኑኤል አይደለም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አራተኛ ክፍል ነበርን። ጠመኔ ላመጣ ተልኬ ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ልጁ የዴስክ ጓደኛዬ ነው፤ ከማቻክል ገጠር በየማለዳው በእግሩ እየመጣ አማኑኤል ከተማ ይማር ነበር። መምህሩ የሚሉት አማኑኤል አዲስ አበባ ያለውን የአእምሮ ሆስፒታል ነው። እሷ የምታውቀው አማኑኤል ሁለት ብቻ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት መሃል ለመሃል የሚያልፍባት ከተማችንና ታቦቱ። ደወሉ ተደወለና መምህሩ ሳያስረዷት ወደ ክፍል ገቡ። እሷም በገባት መንገድ ፈጸመችው። ወሩ በገባ በ28 ልጇን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ጸበል አስጠመቀችው፤ ተሳለችለት።

በማግስቱ ያው ከጎኔ ተቀመጠ። እርሳስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጠፋበታል። እናቱ ቢመራት በክር አስራ አንገቱ ላይ አንጠለጠለችለት፤ በሦስተኛው ቀን ክሩም እርሳሱም አልነበሩም። መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርሱ መልሱን ይጮኻል፤ መልሱ ልክ ቢሆንም ስለጮኸ ይገረፋል። በአስፋልቱ የጭነት መኪና ሲያልፍ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ኤንፒአር ነው»፣ «ኤፍኤስአር ነው» ይለኛል፤ ተሳስቶ አያውቅም። የማባዛት ሰንጠረዡ ግን ከአራት አላለፈለትም። ሰፈሩ ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሶታል፤ «ቀልብ የለውም»።

ያ ልጅ ምን እንደነበረበት ዛሬም አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም፤ በአግባቡ ያየው ሰው አልነበረምና። መምህሩ በክፍል ያዩትን ያውቃሉ፤ እናቱ በቤት ያየችውን ታውቃለች፤ ሁለቱ በዚያች በር ላይ ለሁለት ደቂቃ ተገናኝተው ሳይግባቡ ተለያዩ። ስለዚህ ጉዳይ ሳነብና ስጠይቅ ዓመታት አልፈዋል፤ ሁልጊዜ ወደዚያች በር እመለሳለሁ። ለልጁ የሚበጀው ነገር መጀመር የነበረበት እዚያው ነበር።

ሕክምናው ኤዲኤችዲ ይለዋል፤ በእኛው ቋንቋ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛ መመሪያ ለትኩረት ማነስ 9፣ ለመቅበጥበጥና ለችኩልነት ሌላ 9 ምልክቶች ተዘርዝረዋል። ልጁ ችግሩ አለበት ለማለት ከአንዱ ወገን ቢያንስ 6ቱ ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ መታየት አለባቸው፤ አንዳንዶቹ ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው የጀመሩ መሆን አለባቸው፤ ኑሮውን ወይም ትምህርቱን የሚጎዱ መሆን አለባቸው፤ ደግሞም ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መታየት አለባቸው። ትምህርት ቤት ብቻ የሚቀብጥ፣ ቤቱ ሲገባ ግን ልብ ያለው ልጅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ምናልባት መጠየቅ ያለበት ክፍሉ ነው።

በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ የ2007 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ ችግሩ እንዳለባቸው አሳይቷል። በዘር የመተላለፍ ኃይሉ ብርቱ ነው፤ መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከሰባ በመቶ በላይ ያደርሱታል። ያለ ጊዜው መወለድና ዝቅተኛ የልደት ክብደትም ያጋልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት የአንጎልን ምስል እየተከታተለ ሲለካ፣ በእነዚህ ልጆች ዘንድ የአንጎል ቅርፊት ግማሽ ያህሉ የሙሉ ውፍረቱ ጣሪያ ላይ የሚደርሰው በ10 ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖ አገኘው፤ በሌሎቹ ልጆች በ7 ዓመት ተኩል ነው። የሦስት ዓመት መዘግየት። ከሁሉም የዘገየው ደግሞ «ቆይ፣ ታገሥ፣ ተራህን ጠብቅ» የሚለውን ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ክፍል ነበር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያ የዴስክ ጓደኛዬ በአእምሮዬ መልኩ ተለውጧል። አሥር ዓመቱ ነበር፤ ትዕግሥቱ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ትዕግሥት ቢሆንስ? የሰባት ዓመት ልጅ ስለቸኮለ አርባ አለንጋ ይገባዋል?

ኤዲኤችዲን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፤ ራጅም አያሳየውም። ልጁን ሐኪም ፊት ብታስቀምጡት ደግሞ አዲስ ቦታ ነው፣ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ዐይን ዐይኑን ያየዋል፣ ሌላ ልጅ የለም፤ ለሩብ ሰዓት እንደ ድንጋይ ጸጥ ሊል ይችላል። ከሁሉ ሰው አነስተኛውን የሚያየው ሐኪሙ ነው ማለት ይቻላል። ምርመራው ቡድን የሚፈልገው ለዚህ ነው። ሙግት ለሚያውቀው ለጎጃም ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ በአንድ ምስክር ቃል አይፈረድም። እናት ትመሰክራለች፣ መምህር ይመሰክራል፣ የጤና ባለሙያ ሰውነቱን ይመረምራል፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ንባቡንና ሒሳቡን ይፈትሻል፣ ልጁም ራሱ ይጠየቃል። ልጁን መጠየቅ በእኛ አገር የሚረሳ ነገር ነው።

ለምስክርነቱ የተዘጋጁ መጠይቆች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 10 ጥያቄው የልጆች መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሏል፤ ከአገራችን ቀደምት የሕጻናት አእምሮ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ዶክተር ምኒልክ ደስታ እ.ኤ.አ. በ2008 ስዊድን ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ሥራም በአዲስ አበባ ልጆች የአእምሮ ጤና ላይ ነው። ነገር ግን መጠይቅ መተርጎም አንድ ነገር ነው፤ ማቻክል ላለች እናት እንዲገባ አድርጎ መጠየቅ ሌላ ነው። እንበልና አንዲት እናት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ከአእምሮ ጤና ነርስ ፊት ተቀምጣለች።

«ልጅዎ ትኩረት የማድረግ ችግር አለበት?» ተብላ ብትጠየቅ መልሷ የታወቀ ነው። «የለበትም ሲስተር። ብቻ ባለጌ ነው።»

ነርሷ አገሩን የምታውቅ ከሆነች ግን እንዲህ ትላለች፤ «ጨው ግዛ ብለው ሲልኩት፣ ጨው ይዞ ይመጣል?»

እናትየዋ ትስቃለች። «ጨዉን ተዪው ሲስተር። ብሩን ይዞ ከተመለሰም ተመስገን ነው።»

«ከብት ሲጠብቅስ?»

ሳቋ ይጠፋል። «ዐምና በሬዎቹ የሰው ጤፍ ገብተው አባቱ ካሳ ከፈለ። በሽማግሌ ነው የታረቅነው።»

«እሱ የት ነበር?»

«ወንዝ ዳር። በጭቃ ግድብ ሲሠራ።»

«ስንት ሰዓት ሠራ?»

«ከጠዋት ጀምሮ። ምሳውንም አልበላ።»

በዚህች አጭር ጨዋታ ውስጥ ሐኪም የሚፈልገው ብዙ ነገር አለ። የልጁ ችግር በቤት ሥራም በእረኝነትም ይታያል፤ ቤተሰቡን ገንዘብና ሰላም አስከፍሏል። ግድቡ ደግሞ ወላጆችን ሁሉ የሚያሳስተውን ነገር ይፈታል። «የወደደውን ሲሠራ እንዴት ይተጋል! አውቆ ነው እንጂ» ይላሉ። የእነዚህ ልጆች ቀልብ ጠፍቶ አይደለም፤ ያዘዙት ቦታ አይሄድም፤ ከሄደበትም ሲጠሩት አይመለስም። ግድቡ ላይ ያለው ልጅና የጤፉን ማሳ የረሳው ልጅ አንድ ልጅ ነው።

እኔ ይህን ክፍል ስጽፍ ልቤ የሚቆመው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ኤዲኤችዲ የሚመስለው ሁሉ ኤዲኤችዲ አይደለም። ቡድን የሚያስፈልግበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል። ጆሮው መግል የሚፈስ ልጅ ሲጠሩት አይሰማም፤ «ልቡ የለም» ይባላል። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ዐይኑ የቆሰለ ልጅ ሰሌዳውን ትቶ ጎረቤቱን ይነካካል። ሳይወድቅና ሳይንፈራገጥ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ዐይኑን አፍጥጦ ጭልጥ የሚል የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ፤ በቀን ብዙ ጊዜ ሊመላለስ ይችላል፤ መምህር «ሐሳብ ወሰደው» ብሎ ያልፈዋል። የሆድ ትላትል፣ የደም ማነስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቁርስ ሳይበሉ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ መሄድ አለ። ፊደል መለየት የሚያቅተው ልጅም ከመሰልቸት የተነሳ ይረብሻል፤ የእሱ መድኃኒት ፊደል ቀስ ብሎ የሚያስቆጥረው ሰው ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልላችን የጦርነት አገር ሆኗል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ቀርተዋል። ተኩስ የሰማ ልጅ ይባንናል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ቁጭ ብሎ መማር ያቅተዋል። ከውጭ ለሚያየው መቅበጥበጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ዘመን በምሥራቅ ጎጃም የሚቀርብ ማንኛውም ጥያቄ «መቼ ጀመረው?» የሚለውን ማለፍ የለበትም። ችግሩ ድሮም የነበረ ነው ወይስ መንገዱ ከተዘጋ፣ ወንድሙ ከቤት ከወጣ ወዲህ የመጣ? ይህን የምታውቀው እናት ናት፤ ሌላ ማንም አያውቀውም።

ዕድሜም ያሳስታል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከ900 ሺህ በላይ ልጆችን መዝገብ ያየ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በትምህርት መግቢያው የዕድሜ ወሰን ጫፍ ላይ በታኅሣሥ የተወለዱ ወንዶች በጥር ከተወለዱት የክፍል ጓደኞቻቸው 30 በመቶ በላቀ ሁኔታ ኤዲኤችዲ አለባችሁ ተብለው እንደነበር አሳይቷል። በሌላ ቃል፣ የክፍሉ ትንሽ ልጅ መሆናቸው እንደ በሽታ ተቆጥሮባቸዋል። የልደት ቀን ተጽፎ በሚቀመጥበት አገር ይህ ከሆነ፣ «ለሚካኤል ማግስት፣ በረዶ የወረደ ዓመት» ተብሎ ዕድሜ በሚቆጠርበት ቀበሌ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። አንደኛ ክፍል ውስጥ የስድስት ዓመትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

የአገራችን ቁጥሮች የሚለያዩትም ከፊሉ በዚህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የአምቦ አካባቢ ጥናት ኤዲኤችዲን ከመቶ ልጆች 1.5 ላይ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2019 በኦሮሚያ ግርጃ ወረዳ ከ6 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,302 ልጆች ላይ ተደርጎ የታተመው ደግሞ 7.3 በመቶ አለ። በሁለቱ መካከል አምስት እጥፍ ያህል ልዩነት አለ። ማን ተጠየቀ፣ በምን መጠይቅ ተጠየቀ፣ ሁለተኛ ምስክር ነበረ ወይ የሚለው ቁጥሩን ይወስነዋል። ዝቅተኛውን ብንይዝ እንኳ ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አለ ማለት ነው። መምህሩ በየዓመቱ ያገኘዋል።

አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተ ነው፤ ለረጅም ጊዜም የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ጤና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው እዚያው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር እ.ኤ.አ. 2003 ነበር፤ በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ነበሩ። ሰባ ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ። ለሕጻናት የተለየ የአእምሮ ሕክምና ሲፈለግ አዲስ አበባ ያሉት የየካቲት 12 እና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ክሊኒኮች ዋነኞቹ ሆነው ቆይተዋል። ከአማኑኤል ከተማ ለሚነሳ ሰው ይህ ማለት ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነው፤ ለዚያውም መንገዱ ሰላም ሲሆን። ኤዲኤችዲ ደግሞ አንድ ቀን ታይቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በየጊዜው መመላለስ ይጠይቃል። ላም ሸጦ አንድ ጊዜ መሄድ ይቻል ይሆናል። ሁለተኛውን ምን ሸጦ?

ስለዚህ ቡድኑን ባለበት መሰብሰብ ይሻላል እላለሁ፤ የቡድኑ አባላት ማቻክል ውስጥና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ደብረ ማርቆስ አሉና። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የእያንዳንዱን ቤት ደጃፍ ታውቃለች፤ የትኛዋ እናት ምጥ እንደበረታባት፣ የትኛው ሕጻን ሲወለድ እንዳላለቀሰ ታስታውሳለች። ጤና ጣቢያው ጆሮና ዐይን ማየት፣ ክብደት መመዘን፣ ሰገራ መመርመር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እየሞከረች የገባችበት፣ ስለ ልጆች የሚናገር ክፍል አለው። ደብረ ማርቆስ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። የጎደለው የእነዚህን ሰዎች ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ነገር ነው። ከመምህሩ ለጤና ጣቢያው፣ ከጤና ጣቢያው ለሆስፒታሉ፣ ከሆስፒታሉ ተመልሶ ለመምህሩ የሚሄድ አንድ ወረቀት። ወረቀቱ ሲመለስ ነው ሥራው የሚጀመረው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሪፈር ይሄዳል እንጂ መልስ አይመጣም።

መልሱ ላይ ምን ይጻፋል? ከመድኃኒት በፊት ብዙ ነገር አለ። ለመምህሩ፤ ልጁን ከመስኮቱ አርቀህ ከፊት አስቀምጠው። አሥር ጥያቄ ከምትሰጠው ሦስት ስጠውና ሲጨርስ ሌላ ሦስት። እንዲንቀሳቀስ ምክንያት ፍጠርለት፤ ሰሌዳ ይጥረግ፣ ደብተር ይሰብስብ፣ ጠመኔ እሱ ያምጣ። (ያን ቀን ጠመኔ የተላክሁት እኔ ነበርሁ። እሱ መላክ ነበረበት።) ረጋ ካለ ልጅ ጋር አጣምረው። ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህ ሁሉ ቀላል ነው አልልም፤ ነገር ግን ለመምህሩ ከዱላው ያነሰ ድካም አለው።

ለቤተሰቡ፤ ከማጀት ሆኖ መጮህ ይቅር። ቀርቦ፣ ትከሻውን ነክቶ፣ ዐይኑን እያዩ አንድ ነገር ብቻ ማዘዝ፤ «ጥጃውን እሰር»። ሲያስር ያኔውኑ «ጎበዝ የኔ አንበሳ»። ከዚያ ሁለተኛው ትእዛዝ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆኑ፣ እድገታቸው የዘገየ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። ወላጆች የሚማሩት ከልጅ ጋር መጫወትን፣ ደህናውን ሥራ አይቶ ማመስገንን፣ ራስን ማረጋጋትን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። በእኛ አገር ያስቸገረን ልጅ በበርበሬ ጭስ ማጠን፣ ማሰር፣ በአለንጋ መግረፍ የጭካኔ ምልክት ተደርጎ አልተቆጠረም፤ «አሳደግሁት» ነው የሚባለው። የዘገየ አንጎል በበርበሬ አይፈጥንም። ልጁ የሚማረው መፍራትንና መዋሸትን ነው።

መድኃኒቱ ሜቲልፌኒዴት ይባላል። አንጎልን የሚያነቃቃ መድኃኒት የተቅበጠበጠን ልጅ ሊያረጋጋ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ ነው የተስተዋለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው፣ 579 ልጆችን ለ14 ወር የተከታተለው ታዋቂ ጥናት፣ በጥንቃቄ የሚሰጥ መድኃኒት ዋና ዋና ምልክቶቹን በደንብ እንደሚቀንስ፣ ከወላጅና መምህር ሥልጠና ጋር ሲጣመር ደግሞ በአነስተኛ መጠን እንደሚሠራ አሳይቷል። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ግን የሚቀድመው የወላጅ ሥልጠና ነው። መድኃኒቱ ወደ ዓለም ጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲገባ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 ተጠይቆ አልገባም፤ ይህም እንደኛ ባሉ አገሮች መደርደሪያ ላይ የመገኘቱን ነገር ያከብደዋል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ እንዲህ ባለ አገር ክብደቱና ቁመቱ በየጊዜው ሳይለካ ለልጅ ይህን መድኃኒት መስጠት አይገባም። የጤና ጣቢያው ሚዛን እዚህ ላይ ከስፔሻሊስቱ እኩል የቡድኑ አባል ነው።

ስለ ሴት ልጆች የሚጻፈው ጥቂት ነው። ትኩረት የሚያንሳት ልጅ ብዙ ጊዜ አትረብሽም፤ ከኋላ ዴስክ ጥግ ይዛ ጸጥ ብላ ሌላ አገር ትሄዳለች። መምህሩ «ጨዋ ናት» ይላል። ቤት ውስጥ ወጡ ያርባታል፣ እንስራው ይሰበርባታል፤ «ደንዛዛ» ትባላለች። ፈተና ስትወድቅ ለወንድሟ የሚባለው «ይድገም» ለእሷ አይባልም። ሕጉ ጋብቻ በ18 ነው ቢልም፣ ያለዕድሜ ጋብቻ በበረታበት አገራችን ከትምህርት የወደቀች ልጅ ወዴት እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ለእሷ የአንድ መምህር አስተውሎት ሕይወቷን ይወስናል።

እናቶች ወደ ጸበል በመሄዳቸው መወቀስ አለባቸው ብዬ አላምንም። አዲስ አበባ ወደ ሁለቱ የሕጻናት የአእምሮ ክሊኒኮች የመጡ 102 ተንከባካቢዎችን የጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ተንከባካቢዎቹ የልጃቸውን የእድገት ችግር በጭንቅላት ጉዳትና በወሊድ ችግርም፣ በኃጢአትና በመንፈስም እያጣመሩ እንደሚያስረዱ አግኝቷል። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። በኤችአይቪ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አስተምራለች፤ ያ ትምህርት ብዙ ነፍስ አትርፏል። ንስሐ አባት «ጸበሉንም ተጠመቅ፣ ማርቆስ ሆስፒታልም ሂድ» ቢሉ ከማንም ባለሙያ በላይ ይሰማሉ። እሳቸውም የቡድኑ አባል ናቸው።

ስም መለጠፍን ግን እፈራለሁ። ሐዲስ አለማየሁ በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ፣ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣ ዳምጤን አገሩ ሁሉ «ጉዱ ካሣ» እያለ ይጠራዋል። አንዴ «ጉዱ» ከተባለ የሚናገረውን የሚያዳምጠው የለም። ኤዲኤችዲ የሚለውም ቃል ሌላ «ጉዱ» እንዳይሆን ያሰጋኛል። ወረቀቱ ላይ የልጁ ችግር ብቻ ሳይሆን የሚችለውም መጻፍ አለበት፤ ከጠዋት እስከ ምሳ ግድብ መሥራት ይችላል፤ መኪና በድምፁ ይለያል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አገር ቤት ስሄድ አማኑኤል መናኸሪያ አንድ የሚኒባስ ረዳት «ማርቆስ! ማርቆስ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ ድምፁን አወቅሁት። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጧል። ሾፌሮቹ ይወዱታል፤ ከመኪናው መውጣትና መውረድ አይሰለቸውም፤ የማን መልስ ስንት እንደሆነ አይሳሳትም፤ ሞተር ሲንኳኳ የቱ ጋ እንደሆነ ሰምቶ ያውቃል። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እስከ ደብረ ማርቆስ አወራን። ሚስት አግብቷል፤ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለው።

«እኔን ነው የሚመስለው» አለኝ። «መምህሩ ጠርተው፣ ልጅህን አንድ ነገር አድርግ አሉኝ። እናቴ ደግሞ አማኑኤል ውሰደው ትላለች፤ እንደኔው። ለመሆኑ የት ነው የሚኬደው?»

የማውቀውን ነገርኩት። ከመምህሩ ወረቀት ጽፎ መያዝ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ክፍል። ለአፍታ ዝም አለ። ሒሳብ ያልከፈለ አንድ መንገደኛ ላይ እጁን ዘረጋ፤ መልሱን ቆጥሮ ሰጠ።

«ማርቆስ?» አለ። «እኔ በቀን አራት ጊዜ ማርቆስ እገባለሁ።»